ግንቦትና የሩቁ ቡድናችን

ግንቦት ሲገባ በግቢያችን ሁለት ፈተና ይደራረባል። አንደኛው መምህራን የሚያወጡት ነው፤ ስለ እሱ በዚህ መጽሔት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ሁለተኛው ማንም ሳያስገድደን ራሳችን የምንቀመጥለት ፈተና ነው፤ ይኸውም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ናቸው። ስለዚህኛው በገጾቻችን ላይ በቁም ነገር የጻፈ የለም። ጉዳዩ ከዋዛ ስለሚቆጠር ይሆናል። እኛ ግን ዋዛ ነው ብለን አናምንም፤ የማናምንበትንም ምክንያት ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

«እኛ» ስንል የአርሰናልን ደጋፊዎች ማለታችን ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ፣ የሊቨርፑልና የቼልሲ ወገኖች በአርሰናል ፈንታ የየቡድናቸውን ስም እያስገቡ ቢያነቡት አንቀየምም። የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች ግን ባያነቡት ይሻላል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደስታው ሁሉ የነሱ ስለሆነ ይኮሩብናል።

የሚወቅሱን ሰዎች ብዙ ናቸው። ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ወላጆቻችን «ለመሆኑ ይህ አርሰናል የምትሉት ነገር ምን ያበላችኋል?» ይሉናል። የሰፈር ሽማግሌ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ብሎ ይተርትብናል። ከመካከላችንም ጥቂት መጻሕፍት ያገላበጡ ጓደኞቻችን በራት ሰዓት ተነሥተው «ይህ የአእምሮ ቅኝ ተገዢነት ነው» እያሉ ይሰብኩናል። ንግግራቸው ያማረ ነው። ቅዳሜ ማታ ግን ከሰባኪዎቹ አንዳንዶቹ ከኛው አጠገብ ተቀምጠው ከኛ የበለጠ ይጮኻሉ።

በወቀሳው ውስጥ ያለውን እውነት አንክድም። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ1886 በዎልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የተመሠረተ ቡድን ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የሠራተኞች መሆኑ ግን ከቀረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላላ ድርሻው በአንድ አሜሪካዊ ከበርቴ ኩባንያ እጅ ገብቷል። ይህ ከበርቴ እኛ መኖራችንን አያውቅም። በዝናብ ቆመን የቴሌቪዥን ቤት በር እስኪከፈት ስንጠብቅ አያየንም፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ራታችንን ትተን መተኛታችንን የሚነግረው የለም። በስብሰባው ድምፅ የለንም፤ በሜዳውም ወንበር የለንም። ከዚህ ቤት አንዳች ጥቅም አናገኝም።

ጥቅም አለማግኘታችን ግን ወቀሳ መሆኑ ቀርቶ ምስጋና ሊሆን ይገባው ነበር። በዘመናችን አንድ ወጣት ያለ ጥቅም የሚወደው ነገር ስንት ነው? ማኅበር የሚገባው ለድጋፍ ደብዳቤ፣ ስብሰባ የሚቀመጠው ለውሎ አበል የሆነበት ጊዜ ነው። ድልን ፈልገው የተጠጉ ናቸው የሚለን ሰው ደግሞ ቁጥር አልተማረም። በ1996 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን አርሰናል ከ38 ጨዋታ 26ቱን አሸንፎ፣ በ12ቱ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ዘመኑን ፈጸመ። በዚያ ቡድን ውስጥ ናይጄሪያዊው ካኑ፣ ካሜሩናዊው ሎረንና የኮትዲቯሩ ኮሎ ቱሬ ነበሩ፤ አምበሉም ዳካር የተወለደው ፓትሪክ ቪየራ ነበር። ታላላቅ ወንድሞቻችን ይህን አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። እኛ ከነሱ ወረስነው፤ ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ገና አልተወለድንም። ከዚያ ወዲያ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ሃያ ዓመት ሙሉ የሊጉ ዋንጫ ወደ አርሰናል አልተመለሰም። የወረስነው ሀብት ይህ ነው እንግዲህ፤ አንድ ደስታ በወሬ፣ ሃያ ዓመት ደግሞ በዓይን።

የአገር ሰው በዚያ ቡድን አልነበረም ለሚሉንም መልስ አለን። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ገዲዮን ዘላለም በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር በእንግሊዝ የማኅበሩ ዋንጫ ጨዋታ የአርሰናልን ማልያ ለብሶ ተሰልፏል። ያን ቀን በየሻይ ቤቱ የነበረውን ጩኸት ታላላቆቻችን ገና አልረሱትም። ይሁን እንጂ ክርክራችንን በገዲዮን ላይ አናቆመውም፤ እሱ ባይኖርም እኛ እንኖር ነበርና።

አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን ጭንቅ አያውቁትም። በ1981 ዓ.ም. ግንቦት 18 ቀን አርሰናል በሊቨርፑል ሜዳ ሁለት ለባዶ አሸንፎ፣ ሁለተኛዋንም ጎል ባለቀ ሰዓት አግብቶ ዋንጫውን ወስዷል። በኛ አገር ግን መፈንቅለ መንግሥቱ ከተሞከረ ገና ዐሥር ቀኑ ነበር። ያን ሰሞን ስለ ሊቨርፑል የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ኖሮ ጤንነቱ ያጠራጥር ነበር።

ወደ ራሳችን ዘመን እንመለስ። የሩቅ ደጋፊ የዘመን ማለቂያን እንዴት እንደሚኖረው ለማያውቅ ሰው ሁለት ዓመት ብቻ እንተርክለት።

በ2015 ዓ.ም. አርሰናል 248 ቀን ሠንጠረዡን መራ። እንዲህ ያለውን ጊዜ መርቶ በመጨረሻ ዋንጫ ያላገኘ ቡድን በእንግሊዝ ታሪክ አልታየም ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን ትንሣኤ ሆነ። ሁለት ወር የጾመ ሕዝብ ዶሮውን በልቶ በቤቱ ተቀምጧል፤ እኛ ግን የዘመድ ጥየቃውን እያሳጠርን በ10 ሰዓት ከቴሌቪዥኑ ፊት ደረስን። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ዌስት ሃምን ሁለት ለባዶ መራን። ጠጅ ተቀዳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማሰብ አሁንም ደስ አይልም። አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ተቆጠረብን፤ ሳካ ደግሞ የኛን ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ውጭ ላካት፤ ጥቂት ሳይቆይም ሁለት ለሁለት ሆነ። በአምስተኛው ቀን በገዛ ሜዳችን የሠንጠረዡ መጨረሻ ከነበረው ከሳውዝሃምፕተን ጋር ሦስት ለሦስት ወጣን። ከዚያ ማንቸስተር ላይ አራት ለአንድ። ዘመኑ ሲዘጋ እነሱ 89 ነጥብ፣ እኛ 84።

በ2016 ዓ.ም. የሆነው ግን ከዚህም የባሰ ነው፤ ያን ዓመት መጨረሻው ላይ አልፈዘዝንምና። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ አስቶን ቪላ በ84ኛውና በ87ኛው ደቂቃ ሁለት ጎል አገባብን። ሽሮው በሣህኑ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ የቀሩት ስድስት ጨዋታዎች ነበሩ፤ አርሰናል ስድስቱንም አሸነፈ። ቼልሲን አምስት ለባዶ፣ ቶተንሃምን በሜዳው ሦስት ለሁለት፣ ማንቸስተር ዩናይትድን በሜዳው አንድ ለባዶ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ሲቲ ግን የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ጨዋታዎች ዘጠኙንም አሸነፈ።

ከዘጠኙ ስምንተኛው ግንቦት 6 ቀን ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ሲቲ በለንደን ከቶተንሃም ጋር ይጫወታል፤ ቶተንሃም አቻ እንኳ ቢወጣ የዋንጫው ዕድል በእጃችን ይገባል። የግቢው በር በዚያ ሰዓት ስለሚዘጋ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ሰባት ሆነን በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀመጥን። ዕድሜ ልካችንን ስንሰድበው ለኖርነው ለቶተንሃም ጸለይን። አንደኛው ጓደኛችን በማግሥቱ ጠዋት ፈተና ነበረው፤ ደብተሩን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ገጽ ሳይገልጥ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሲቲ አንድ ለባዶ እየመራ በ86ኛው ደቂቃ ኮሪያዊው ሰን ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ። ስልኩ በዚያች ሰከንድ ቆመ። መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ምስሉ ሲመለስ በረኛው ኦርቴጋ ኳሷን በእግሩ መልሷት፣ የሲቲ ተጫዋቾች ሲያቅፉት አየን። ቆይቶ ሃላንድ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛዋን አገባ።

በዚያው ማታ በለንደን ሌላ ነገር ሆኗል። አንዳንድ የቶተንሃም ደጋፊዎች ጎረቤታቸው አርሰናል ዋንጫ እንዳያገኝ ብለው የገዛ ቡድናቸው በመሸነፉ ተደሰቱ፤ አሠልጣኛቸውም በዚህ ነገር መቆጣቱን አልሸሸገም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ለሚሉን ሽማግሌዎች ይህን በትሕትና እናሳስባቸዋለን።

ግንቦት 11 ቀን እሑድ የመጨረሻው ዕለት ነበር። ዐሥሩም ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ፣ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 12 ላይ ይጀመራሉ። ከግቢው ማዶ ያለው የቴሌቪዥን ቤት ባለቤት ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አቆመ፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ዕጥፍ አደረገው። በስተ ግራ አርሰናልና ኤቨርተን፣ በስተ ቀኝ ሲቲና ዌስት ሃም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በስተ ቀኝ ጩኸት ተነሣ፤ ፎደን አገባ። በ18ኛው ደቂቃ ደገመ። ኤቨርተን ደግሞ በኛ ላይ አገባ። ከዕረፍት በፊት ግን ጋናዊው ኩዱስ ተገልብጦ በመምታት አንዲቱን መለሰ፤ በዚያችው ደቂቃ ገደማ ጃፓናዊው ቶሚያሱ ለኛ አቻ አደረገ። ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ከነዕረፍቱ ለግማሽ ሰዓት፣ ተስፋ ነበረን። አንዲት ጎል እዚህ፣ አንዲት ጎል እዚያ ብቻ ቀርታ ነበር። ሮድሪ በ59ኛው ደቂቃ ሦስተኛዋን ሲያገባ ተስፋው ወጣ። ሃቨርትዝ በ89ኛው ደቂቃ አግብቶልን አሸነፍን፤ ግን እንደ ልቅሶ ቤት ምግብ ነበር፤ በላነው እንጂ አልጣመንም። ሁለቱም ቡድኖች 28 ጨዋታ አሸነፉ። እነሱ 91 ነጥብ፣ እኛ 89።

አሁን ልንናገር ወደ ፈለግነው ነገር ደረስን።

በዚያ ቤት ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ ማንም ማንንም «የየት አገር ሰው ነህ?» ብሎ አልጠየቀም። በስተ ግራ ከተቀመጥነው መካከል የጎንደር ልጅ፣ የወለጋ ልጅ፣ የአክሱም ልጅና የጅግጅጋ ልጅ ነበሩ። ማዕተብ ያሰረ ነበረ፤ ከመግሪብ ሶላት ገና የተመለሰም ነበረ። በስተ ቀኝም እንደዚሁ። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ የሲቲ ደጋፊ የምህንድስና ተማሪ ወደኛ ወገን ተሻግሮ «አይዟችሁ» አለና ለአምስት ሰው ሻይ ከፈለ። ስድብ አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ግን ስድቡ ሁሉ ስለ ተከላካይና ስለ በረኛ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ተማሪ በተወለደበት ስፍራና በሚናገረው ቋንቋ ተለይቶ ተደበደበ፤ የሞቱም አሉ፤ እጅግ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣቸውን ጭነው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ኳስ ይህን ያድናል አንልም። ኳስ ራሱ ጠብ ሊሆን እንደሚችል የገዛ ሊጋችን አሳይቶናል፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ የክልል ቁርሾ ወደ ሜዳ ገብቶ አንዳንድ ጨዋታዎች በገለልተኛ ከተማ እስኪደረጉ ድረስ ደርሶ ነበር። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? በኛ አስተያየት ልዩነቱ ያ የሚወቀሰው ርቀት ነው። ከመካከላችን በሰሜን ለንደን የተወለደ የለም፤ ስለዚህ ማናችንም በአርሰናል ላይ ባለርስት ነኝ ሊል አይችልም። አያቱ ያቀኑት ሜዳ የለም፤ የተነጠቀበት ወሰንም የለም። የጎንደሩም የወለጋውም እኩል እንግዳ ነው፤ እኩልም ባለቤት ነው። በግቢያችን ውስጥ ሰው ወገኑን ራሱ መርጦ የሚሰለፍበት ስፍራ ከዚህ ሌላ ብዙ አናውቅም።

ስለዚህ ነው ይህን ስፍራ የሚያበላሽ ነገር ሲገባ ዝም ማለት የማይገባን። የገባውም የውርርድ ቲኬት ነው።

የመወራረጃ ቤቶቹ ፈቃድ ያላቸው መሆናቸውን እናውቃለን፤ ሕግ አፈረሱ አንልም። ነገር ግን ግንቦት ላይ በቴሌቪዥን ቤት የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ብትመለከቱት ሁለት ዓይነት ሰው ታያላችሁ። አንዱ ቡድን አለው። ሌላው ወረቀት አለው። ባለወረቀቱ ሁለቱም ቡድኖች እንዲያገቡለት ይፈልጋል፤ ወይም የማዕዘን ምት ከዘጠኝ እንዲበልጥለት ይቆጥራል። ጎል ሲገባ የሚያቅፈው ሰው የለም። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ሲያለቅስ እሱ በስልኩ ሌላ አገር ያለ ጨዋታ ውጤት ይፈልጋል። ሲበላ ብቻውን ነው፤ ሲበላበትም ብቻውን ነው።

ሒሳቡን ደግሞ የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን ይመርምሩልን። አንድ ተማሪ ዐሥር ጨዋታ በአንድ ወረቀት ይደረድራል። እጅግ ብልህ ነው እንበል፤ ከዐሥር ጊዜ ሰባቱን በትክክል ይገምታል። ዐሥሩም በአንድነት እንዲሳኩለት 0.7ን በራሱ ዐሥር ጊዜ ማባዛት ያስፈልጋል፤ የሚወጣውም ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። በዘመን ማለቂያ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ዋንጫም ውርደትም የማያሰጋው መካከለኛ ቡድን ተጫዋቾቹን አሳርፎ ልጆች ያሰልፋልና ዓመቱን ሙሉ የተጠና ዕውቀት ከንቱ ይሆናል። ይህንንም እያወቀ ከካፌ ወጥቶ በተሰጠው የኖን ካፌ ብር የሚወራረድ አለ። ወሩ ሳይጋመስ ብሩ ያልቅና ከጓደኞቹ ሣህን መቋደስ ይጀምራል። ጓደኞቹም አይነፍጉትም። ስልኩን የሸጠም እናውቃለን፤ ስሙን አንጠራም።

እንግዲህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ሬጅስትራር ፈተናውን ወደ ሰኔ ያሻግርልን አንልም፤ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ይዘን ብንገባ ምን እንደሚባል እናውቀዋለን። የምንጠይቀው በግንቦት ወር በሊጉ የመጨረሻዎቹ ሁለት እሑዶች ትልቁ አዳራሽ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት እንዲከፈትልን ነው። ለስብሰባ የሚያገለግለው ፕሮጀክተር አለ፤ ግድግዳውም ነጭ ነው። መግቢያ አይከፈል። የውርርድ ወረቀት በበሩ አይለፍ። መብራት ቢጠፋ ጀኔሬተሩ እንዲነሣ ከወዲሁ ነዳጅ ይጠየቅ፤ አለበለዚያ ባለፈው እንደሆነው አንድ ተማሪ በጆሮው የራዲዮ ማዳመጫ ሰክቶ ለሁለት መቶ ሰው ጨዋታውን በቃሉ ሲያስተላልፍ ማምሸቱ ነው። ያስተላለፈልን የቲያትር ክፍል ተማሪ ስለ ነበረ ያልነበሩ ሁለት ጎሎች ጨምሮልናል።

ይኸው አዳራሽ ለአገራችን ሊግም ይከፈት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቻችን በቴሌቪዥን ለሕዝብ ሲታዩ፣ እኛ ግን የአርሰናልን ሦስተኛ በረኛ ስም እያወቅን የራሳችንን ከተማ ቡድን አምበል የማናውቅ ሆነን ተገኝተናል። በ1954 ዓ.ም. አገራችን በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን አራት ለሁለት አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ያዩት ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲናገሩ ዓይናቸው ይበራል። የሩቁን መውደድ የቅርቡን ለመጥላት ምክንያት አይሆንም፤ አንድ ተማሪ ቅዳሜ ለአንዱ፣ እሑድ ለሌላው መጮኽ ይችላል፤ ጉሮሮ እንደ ሆነ አይጠፋም።

ማኅበሩ «ወንበር የለም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን ከአሁኑ ይሰማናል። ወንበሩን ከመማሪያ ክፍሎቹ እኛው እናመጣለን። የሲቲ ደጋፊዎችም ያግዙናል፤ ሰኞ ጠዋት ፈተና ሳይጀመር እያንዳንዱን ወደ ነበረበት ክፍል እንመልሳለን።